በሬም ቀለብ አለው

ሥራ ከያዛችሁ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላችሁ፣ ጥርሳችሁ ሙሉ ሆኖ፣ ዳገትም ሳያደክማችሁ፣ "ስሸመግል ማን ይጦረኛል?" የሚል ሥጋት ገብቷችሁ ያውቃል? ጓደኞቻችሁ ስለ ጫማና ስለ ሠርግ ሲያወሩ እናንተ በሐሳብ ስድሳ ዓመታችሁ ላይ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ገጥሞኛል። ያን ጊዜ ደባርቅ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ በዕድሜ ብዙም አይርቁኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ባልደረባችን ሽኝት ነው። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን አስተምረው ጡረታ ሲወጡ በጋቢና በግድግዳ ሰዓት ሸኘናቸው። ንግግር ተደረገ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ፎቶ ተነሣን። ጥቂት ወራት ቆይቶ በገበያ ቀን አገኘኋቸው። ከስንዴ ሻጮች ፊት ጎንበስ ብለው እፍኝ ይዘግናሉ፤ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ እህሉን ቀስ አድርገው ይመልሱና ወደሚቀጥለው ሻጭ ያልፋሉ። ረድፉን ጨርሰው ባዶ ጆንያቸውን በብብታቸው እንደያዙ ሊወጡ ሲሉ ተገናኘን። "ዛሬ እንዲያው ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት" አሉኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ባዶ ጆንያ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። እኔ ደግሞ የሚያስጨንቀኝን ነገር በሠንጠረዥ ካላየሁት መቀመጥ አልችልም። ከተከራየኋት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋዬ ራስጌ፣ ካሬ ወረቀት ለጠፍኩና ኑሮዬን እስከ ስድሳ ዓመቴ ከፋፈልኩት። ከደሞዜ ለጡረታ የሚቆረጠው በአንድ ዓምድ፣ እኔው የማስቀምጠው በሌላ ዓምድ፣ በአባቴ መሬት ዳር የምተክለው ባሕር ዛፍ በሦስተኛው፣ ባሕር ዛፉ ተሽጦ የሚሠራው የቆርቆሮ ቤት በአራተኛው። መምህራን በሚያርፉበት ክፍል ውስጥም ለባልደረቦቼ አስረዳኋቸው። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ሰው ባይጠይቀኝም አስረዳለሁ።

የስፖርት አስተማሪው ሻዩን አስቀምጦ ሰማኝና፣ "አንተ፣ ሚስት ሳታገባ ጡረታ ልትወጣ ነው እንዴ?" አለኝ። ሳቁብኝ።

"ዛሬ ያልተተከለ ባሕር ዛፍ ነገ አይቆረጥም" አልኩት።

"ዛፉስ ይተከል። የሚቆርጥልህን ልጅ በየትኛው ዓምድ ልታስገባው ነው?"

ቀልዱ ቀልድ ነበር፤ እኔ ግን ይዤው ቤት ገባሁ። ወረቀቱን ቆሜ ሳየው አንድ ጉድለት ታየኝ። አባቴ በየትኛውም ዓምድ ውስጥ የለም። ባሕር ዛፌ የሚቆምበት መሬት የሱ ነው፤ እሱ ግን የለም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። እህቴ ቆላ አግብታ ወርዳለች። እርፍ መጨበጥ ካቆመም ሰነባብቷል። እኔ ለእርጅናዬ አራት ዓምድ አሰናድቻለሁ፤ እሱ ግን ያለው አንድ ነው፤ እዚያ ውስጥ የተጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ደሞዜን አሰብኩና ፈራሁ። አንድ ደሞዝ ሁለት ሽማግሌ፣ ዛሬ እሱን ነገ እኔን፣ እንዴት አድርጎ ይጦራል?

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ቤት ሄድኩ። እስከ ዳባት በሚኒባስ፣ ከዚያ ሽቅብ በእግር ነው። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። አባቴ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጠፍር ያለሰልሳል፤ ጥማድ ባይኖረውም እጁ ሥራ አልተወም።

"ደሞዝ ጨመሩልህ?" አለኝ ከሰላምታው በኋላ።

"አልጨመሩም። ግን ጡረታ አለኝ" አልኩና ማስረዳቴን ጀመርኩ። "በየወሩ ከደሞዜ ጥቂት ይቆርጣሉ፤ መንግሥትም ይጨምርበታል። ስድሳ ሲሞላኝ ሥራ አቆማለሁ። እስክሞት ድረስ በየወሩ ይከፍሉኛል።"

"ሳትሠራ?"

"ሳልሠራ።"

"እና ማን ያርሳል?"

"ማንም አያርስም አባዬ። ገንዘብ ነው።"

ጠፍሩን አገላበጠው። "እንግዲያ መንግሥት ጧሪህ ነው በለኛ። ደግ ነው። ቀባሪህስ?"

ጡረታ የሚለው ቃል መጦር ከሚለው መምጣቱን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር። ሆኖም ደሞዝ ስፈርም የማየው የአንድ ተቀናሽ ስም ከመሆን አልፎ፣ ሰው ለሰው የሚያደርገው ሥራ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። በአገራችን ሲመረቅ "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" ይባላል፤ ሁለቱ ተለያይተው አይነገሩም። እኔ ግማሹን አግኝቼ ሙሉውን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

"እኔም ጧሪ ልይዝ ነው" አለ አባቴ።

"ምን ማለት ነው?"

"የታች ሰፈሩን ልጅ ታውቀው የለ፤ የእኩል የሚያርስልኝን። መሬቱን ለሱ አደርገዋለሁ፤ እሱ ይጦረኛል። ስሞትም ይቀብረኛል።"

ይኸ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። መሬት ያለው ሽማግሌና ጉልበት ያለው ጎልማሳ ይገናኛሉ፤ አንዱ መሬቱን፣ ሌላው ክንዱን ያመጣል። አባቴ ያሰበውን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ። ከእኔ ጥቂት ይበልጣል፤ ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ አለው። የወላጆቹ መሬት ለወንድማማቾች ሲሸነሸን ለሱ የደረሰው ከቤት መሥሪያ አያልፍም። ዓመታት ሙሉ የአባቴን መሬት አርሶ ምርቱን እኩል ሲካፈል አንድ ቀን እንኳ ሲጨቃጨቁ አልሰማሁም። እንደዚያም ሆኖ ነገሩ ከነከነኝ።

"እኔስ?" አልኩ።

"አንተማ ደባርቅ ነህ።"

"ደባርቅ ሩቅ ነው እንዴ?"

"ለሚኒባስ ሩቅ አይደለም" አለ። "ውሃ ለጠማው ሰው ሩቅ ነው።"

"እንግዲያ ከኔ ጋር ና። አብረን እንኖራለን።"

"እዚያች ክፍልህ? ባለፈው መጥቼ አየኋት እኮ። አንተ ስታስተምር እኔ ግድግዳህ ላይ የለጠፍከውን ወረቀት ልጠብቅልህ?"

አልሳቅሁም። ሁለት ፍርሃት ባንዴ ነው የያዘኝ፤ ሁለቱንም መናገር አለብኝ። አንደኛው የራሴ ነው፤ መሬቱ ለሌላ ከሄደ ባሕር ዛፌም፣ የቆርቆሮ ቤቴም አብረው ይሄዳሉ። ሁለተኛው የሱ ነው፤ ይኸኛው ነበር ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ። ከእኛ በላይ ባለው መንደር አንድ ሽማግሌ አሉ። እሳቸውም ጧሪ ይዘው ነበር። መሬታቸውን በቁማቸው፣ በእማኝ ፊት፣ መርቀው ሰጡ። ጧሪያቸው ክፉ ሰው ነው የሚል የለም። እንዲያው ነገሩ ቀስ እያለ ነው የቀረው። መጀመሪያ ወጡ ቀጠነ። ቀጥሎ እራቱ ዘገየ። ከዚያ "ዛሬ እንግዳ አለብን" ተባለ። በመጨረሻ እኚያ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ አንዲት ጎጆ ቀልሰው፣ በበዓል ቀን ደጀ ሰላም ተቀምጠው ይታዩ ጀመር። ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቀና ብለው የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃሉ። እኔንም ጠይቀውኛል። የአባቴን ስም ስነግራቸው፣ "ደህና ናቸው? መሬታቸውን ያርሳሉ?" ነበር ያሉኝ።

ይኸንን ለአባቴ አነሣሁበት። ጠፍሩን እያለሰለሰ፣ "አውቃለሁ" ብቻ አለ።

ስለዚህ ውል ለመጻፍ ወሰንኩ። ቃል ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ይጠየቅበታል ብዬ አሰብኩ። የእረፍቴን ቀናት በሙሉ አባቴ በዓመት ምን እንደሚበላ ሳሰላ ከረምኩ። ገብሱ በቁና፣ ባቄላው በቁና፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ጨው፣ የማገዶው ሸክም፣ የጋቢው እጥበት ሳይቀር በየአንቀጹ ገባ። ለጎደለው ሁሉ መቀጫ አደረግሁበት። በመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ መሬቱ አባቴ እስኪያርፍ ድረስ በስሙ እንደሚቆይ፣ በደንብ የጦረው ሰው በኑዛዜ እንደሚወርሰው ጻፍኩ። ሠርቼ ስጨርስ የመጀመሪያውን የእፎይታ እንቅልፍ ተኛሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ተሰበሰብን። የአባቴ የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ መጡ፤ አንድ የጎረቤት ሽማግሌም ነበሩ። ጎልማሳው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሚስቱ ልጅዋን እንዳዘለች በር ላይ ቆመች። እኔ እንደ ክፍል ውስጥ ተነሥቼ ቆሜ አነበብኩ።

"ጨው አለበት?" አሉ የጎረቤቱ ሽማግሌ ሳልጨርስ።

"አለ ጋሼ፣ በአራተኛው አንቀጽ።"

"በርበሬስ?"

"እሱም አለ።"

"መድኃኔ ዓለም ይስጥህ" አሉ። "እኔ እንዲህ ተሰፍሮልኝ ቢሆን ወፍሬ ነበር።" ቄሱ በፂማቸው ውስጥ ሳቁ።

ጎልማሳው አልሳቀም። "መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለ።

"ጠይቅ።"

"ውርጭ ቢመታውስ?"

"የአባቴ ድርሻ አይጎድልም" አልኩና ጣቴን አንቀጹ ላይ አሳረፍኩ። "ዋስትና ማለት ይኸ ነው። ከሌላ ቦታ ገዝተህም ተበድረህም ታሟላለህ። ዝናብ ቢጠፋም፣ ውርጭ ቢመታም፣ ይኸ ቁጥር አይነካም።"

ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ከበሩ በኩል ሚስቱ፣ "የኛ ልጅስ ምን ትበላለች?" አለች። ጥያቄው ለማን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ሁሉም ግን ወደ እኔ ዞሩ። ወረቀቴን አየሁ። ልጅቱ ወረቀቱ ውስጥ አልነበረችም።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያነበብከው ግሩም ነው ልጄ" አለ። "ግን እኮ ይኸ ቀለብ ነው።"

"አዎ፣ ቀለብህን ነው ያስጠበቅሁልህ።"

"በሬም ቀለብ አለው። እስረኛም አለው። ቀለብ የሚሰፈርለት ለብቻው ነው የሚበላ። እኔ ስፈሩልኝ አላልኩም፤ ጡሩኝ ነው ያልኩ። እኔ የተሰፈረልኝን ስበላ ያቺ ልጅ ጦሟን እንድታድር ነው የምታስጦረኝ?"

ይኸን ልዩነት ለአንባቢ ላስረዳ፤ እኔም የገባኝ ቆይቶ ነውና። ቀለብ መጠን አለው። መጠኑ ከተሟላ ሰጪው ነፃ ነው፤ ተቀባዩም ሌላ የሚጠይቀው የለም። መጦር ግን መጠን የለውም። ተጧሪ ቤተሰቡ ሲጠግብ ይጠግባል፤ ሲጎድልም አብሮ ይጎድልበታል። የሚቀርበው ከአንድ ገበታ ስለሆነ የሱን ወጥ ለይቶ ማቅጠን አይቻልም። አባቴ ዋስትና ያደረገው ገበታውን ነው። እኔ ያደረግሁት ቁናውን ነው።

ሆኖም በዚያ ሰዓት አልተረታሁም። "ለብቻ መብላት ከመራብ ይሻላል" አልኩ። "ደጀ ሰላም ያሉትን ሰው ረሳችኋቸው? እሳቸውስ ያለ መስፈሪያ አይደል የገቡት? ከአንድ ገበታ ነበር የሚበሉት፤ ገበታው ነው ቀስ ብሎ የራቃቸው።"

የጎረቤቱ ሽማግሌ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ልጁ ያለው ሐሰት አይደለም" አሉ ቄሱ። "የሚሰጋ ሰው ይሰማ። እንዲህ ይሁን። ቁናውና በርበሬው ይቅር። የመጨረሻዋ አንቀጽ ግን ትቆይ። መሬቱ እስከ ዕለተ ሞት ከባለቤቱ ጋር ይኑር።" ወደ ጎልማሳው ዞሩ። "ምን ትላለህ?"

"ሳልጦር ምን ብዬ እወስዳለሁ፣ መምሬ" አለ። "አንቀጿ ልክ ናት።"

"የውርጩስ ነገር?" አሉ የጎረቤቱ ሽማግሌ።

"የኔታ ደሞዝተኛ አይደል?" አለ አባቴ በአገጩ እኔን እያሳየ። "ደሞዝ ውርጭ አይመታውም።"

ሁሉም ሳቁ፤ በዚያች ሳቅ ውስጥ የእኔ ድርሻ ተወሰነ። ደባርቅ ተመልሼ ከግድግዳዬ ወረቀት ላይ ባሕር ዛፉንና ቆርቆሮ ቤቱን ሰረዝኩ። በቦታቸው "ውርጭ" የሚል ዓምድ አስገባሁ። በየወሩ ለሱ ማስቀመጥ ጀመርኩ። የስፖርት አስተማሪው ክፍሌ መጥቶ አየና፣ "ሰው ለሠርግ ይቆጥባል፤ አንተ ለብርድ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የእህል ዋጋ ደባርቅ ላይ ይወጣ ጀመር። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየገበያው ትንሽ በትንሹ። የቤት ኪራዬ ጨመረ፤ ሳሙናውም፣ ዘይቱም ጨመረ። እኔ ወረቀቴ ላይ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ የሚከፈለኝን ጡረታ በዚያን ጊዜው ደሞዝ አስልቼ ስለነበር፣ በየጊዜው ያን ቁጥር በእህል እየመነዘርኩ አየው ነበር። በመጀመሪያ ብዙ ኩንታል ይገዛ የነበረው ቁጥር ሳይቀየር እህሉ ግን ያንስበታል። ለተማሪዎቼም ይኸንኑ ምሳሌ አድርጌ አስተማርኳቸው፤ "ቁጥሩ ቆሞ ገበያው ከሄደ ምን ይሆናል?" አልኳቸው። አንዲት ተማሪ፣ "ቁጥሩ ኋላ ይቀራል" አለች። ልክ ናት። ስንዴ ሲጠይቁ ያየኋቸው ባልደረባችን ያጋጠማቸው ይኸው ነበር። የተሰፈረላቸው አልጎደለም፤ መስፈሪያው ነው የጠበበው።

ያን ጊዜ ነው ግድግዳዬ ላይ ያለውም ቀለብ መሆኑ የገባኝ። ይኸ አላጽናናኝም፤ ይልቁን ባሰብኝ። በቁጥር የተሰፈረውን ገበያ ይበላዋል። ያልተሰፈረው ደግሞ በሰው ልብ ላይ ነው የሚያርፈው፤ የሰው ልብ ምን እንደሚሆን ደጀ ሰላም ያሉትን ሽማግሌ ጠይቆ መረዳት ነው። አባቴ ከሁለቱ አንዱን መርጦ አርፎ ተቀምጧል። እኔ በሁለቱም መካከል ቆሜ እሰጋለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ የሰፈራችን ሰው ደባርቅ ገበያ ላይ አገኘኝና፣ "የናንተን በኩል መታው" አለኝ። ውርጩን ማለቱ ነው። ሌላ አልጠየቅሁትም። ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አጠፋሁ። ወጡ ሲቀጥን፣ እራቱ ሲዘገይ፣ "ዛሬ እንግዳ አለብን" ሲባል በቅደም ተከተል ይታየኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የውርጩን ገንዘብ ይዤ ወጣሁ። እህል አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ይረክሳል ስላሉኝ ዳባትን አልፌ እዚያ ድረስ ወረድኩ። አንድ ኩንታል ስንዴ ገዝቼ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩና ወደ ዳባት ተመለስኩ፤ ከዚያ በአህያ አስጭኜ ሽቅብ ተያያዝኩት። መምጣቴን ለማንም አልነገርኩም። ሆን ብዬ ነው። አባቴ ምን እየበላ እንደሆነ ሳይዘጋጁልኝ ማየት ፈልጌ ነበር።

የገብሱ ማሳ ከሩቅ የደረሰ ይመስላል፤ ነጥቶ ቆሟል። ጠጋ ብዬ አንድ ዛላ በጣቶቼ መካከል አሸሁት። ገለባ ብቻ ነው፤ ውስጡ ምንም የለም። ጭንቀት ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ነገር መንካት የለበትም።

አባቴ ቤቱ አልነበረም። ታች፣ ጎልማሳው ቤት አገኘሁት። ምሳ ላይ ናቸው። አንድ ሰፌድ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ በላዩ የተቀቀለ ድንች ይተናል፤ ጨውና በርበሬ በጥግ ተደርጓል። አራቱም ዙሪያውን ከበዋል። አባቴ ድንች እየላጠ ለትንሿ ልጅ ይሰጣታል፤ ልጅቱ አድጋለች። ከሰላምታው ጋር ዓይኔ የድንቹን መጠን ይለካ ነበር፤ ትልቁ ማን ፊት ነው፣ ትንሹ ማን ፊት ነው። መለየት አልቻልኩም። አባቴ ከስቷል። ጎልማሳውም ከስቷል።

ሚስትየው ወጣ ብላ አህያውን አየች። "የተጫነው ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የአባቴ እህል ነው" አልኳት።

በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። "የሳቸው ብቻ ከሆነ እላይ፣ እሳቸው ቤት አስገባው" አለች። "እዚህ የሚገባው የሁላችን የሆነ ነው።"

"ተዪው እንጂ" አላት ባሏ ከውስጥ።

"አልተወውም። እሳቸው ስንዴ ሲበሉ እኛ ድንች ስንበላ ነገ አብረውን ይቀመጣሉ? ልጄስ ምን ትላለች? ይኸን ያመጣ መምህር ነው፤ እስቲ ይንገረኝ።"

ክፋት አልነበረባትም። በጣም ረጋ ብላ ነው የተናገረችው። አባቴ በእጁ የያዘውን ድንች ሳይልጥ ጠበቀ። ወደ እኔ አላየም።

በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ያሰላሁትን አልደብቅም። አንድ ኩንታል ለአንድ ሽማግሌ እስከሚቀጥለው አዝመራ ይበቃል። ለአራት ሰው ከሆነ ግን ክረምት ሳይገባ ያልቃል። ለዓመታት የቆጠብኩት ለአባቴ ዋስትና ነው፤ አሁን አፌን ከከፈትኩ ዋስትናው ለአራት ይከፈላል። ካልከፈትኩ ደግሞ አባቴ ሙሉ ጆንያ ይዞ ብቻውን እላይ ይቀመጣል። ቀለብ ይኖረዋል። ሌላ ግን አይኖረውም።

"የኔታ፣ ምን አልክ?" አለ አባቴ።

"የሁላችሁ ነው" አልኩ።

ሴትየዋ ጆንያውን በአንድ ወገን ይዛ ባሏን ጠራችው። አስገቡት። ተመልሳ ድንች ወደ እኔ ገፋች፤ "ብላ፣ ሳይበርድ" አለች። ትንሿ ልጅ የተላጠውን ከአባቴ እጅ ወሰደች። እኔም አንዱን ልጬ ጨው ነካ አድርጌ በላሁ።

ጎልማሳው ሊሸኘኝ ወጣ። የማሳውን ዳር ይዘን ስንሄድ፣ "መምህር" አለኝ፣ "ክረምት ሳይገባ ሲያልቅስ እያልክ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"እኔም እሱን እያሰብኩ ነው" አለ። "ሁለቱን በግ እሸጣለሁ ብያለሁ። የሳቸው ጉልበት ብርድ አይችልም፤ ማገዶው ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ።"

ቆምኩ። የአባቴ ጉልበት ብርድ እንደማይችል እኔ አላውቅም ነበር። ማገዶውን በሸክም ቆጥሬ በአንቀጽ ጽፌዋለሁ፤ ለምን እንደሚያስፈልገው ግን አላውቅም ነበር። የአባቴ ነገር የሚያስጨንቀው ከእኔ ሌላ አንድ ሰው መኖሩን ያን ቀን ነው ያመንኩት። ሥጋቴ አልጠፋም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኔ ሌላ የሚሸከመው ሰው አየሁ።

እህሉ እንዳሰላሁት ክረምት ሳይገባ አለቀ። በጎቹ ተሸጡ፤ እኔም ከደሞዜ ጨመርኩ። ሐምሌና ነሐሴ ክፉ ነበሩ። የሚቀጥለው ዓመት ገብስ ግን ፍሬ ያዘ። አባቴ አሁንም አለ፤ የሚበላውም ከዚያው ሰፌድ ነው። መሬቱም አሁንም በስሙ ነው፤ በዚያች አንቀጽ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም።

ካሬ ወረቀቴ ከግድግዳዬ አልወረደም። ጡረታዬ ይቆረጣል፤ በራሴም አስቀምጣለሁ፤ ማንም ይኸንን እንዲተው አልመክርም። ከቁጥሮቹ በስተቀኝ ግን አንድ ባዶ ዓምድ አስምሬበታለሁ። ርዕሱ "አብሮኝ የሚሰጋ" የሚል ነው። ለጊዜው የሚገባበት ስም የለኝም። የስፖርት አስተማሪው ባየው ቁጥር ይስቅብኛል፤ እኔ ግን ያንን ዓምድ ሳየው ከሁሉም ይልቅ ይበርደኛል።

እናንተም እስቲ ይኸን ሞክሩ። ለእርጅናችሁ የምታስቀምጡትን ስትጽፉ ከጎኑ ያንን አንድ ዓምድ አስምሩና ስም ይኖረው እንደሆነ ተመልከቱ። ቀጥላችሁ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ዘንድ ሂዱ። "ምን ያህል ይበቃችኋል?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ እኔ ጠይቄው ቁና ነው ያገኘሁት። "ከማን ጋር መብላት ትፈልጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጨርሰው እስኪናገሩ ዝም በሉ። ማስረዳቱ ለሌላ ቀን ይደርሳል።